የድሮ ላይት ሜትር "ሞተ" ብላችሁ ከመፍታታችሁ በፊት፦ መለየት፣ መመርመር፣ መጠገን

ሰሞኑን ሦስት ሰው የተፈታ ላይት ሜትር፣ ማለትም ፎቶ ስናነሳ የብርሃኑን መጠን በመርፌ የሚያሳየንን መለኪያ፣ በፌስታል ይዞ መጣብኝ። አንዱ ከኮምቦልቻ፣ አንዱ ከሐይቅ፣ አንዱ እዚሁ ደሴ ከሸዋ በር። ሦስቱም ያሉኝ አንድ ነው፣ "መርፌዋ አልንቀሳቀስ ስላለች ከፈትናት"። ከሦስቱ ሁለቱ ከመከፈታቸው በፊት ደህና ነበሩ። አንዷ መቆለፊያዋ አልተለቀቀም፣ ሌላዋ ደግሞ ባትሪ የምትፈልግ ሆና ባትሪ የሰጣት የለም። አሁን ግን የአንዷ ጸጉር የምታክል ስፕሪንግ ተጣሞ፣ የሌላዋ ብሎን ምንጣፍ ውስጥ ገብቶ ቀርቶ፣ በቃ ቁጭ ብለዋል።

ስለዚ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። መፍታት የመጨረሻው ስራ ነው፣ እኛ ግን መጀመሪያ የምናነሳው ካቻቪቴ ነው።

ዝግጅት

እነዚህን አንድ ላይ ሰብስቡ፣ መሃል ላይ ተነስታችሁ ፍለጋ እንዳትሄዱ፦

- ሞባይል ሰሪዎች የሚይዙት ትንንሽ ካቻቪቴ። ጫፉ ብሎኑ ላይ ልክ ካልገባ አትጠቀሙበት፣ የብሎኑን ጭንቅላት ይበላዋል።
- ወረንጦ፣ ከተገኘ የፕላስቲክ። ሜትሩ ውስጥ ማግኔት ስላለ የብረቱን ወረንጦ ስቦ መርፌዋ ላይ ያላጋችኋል።
- ቴስተር፣ ማለትም መልቲሜትር። ርካሹም ይሆናል።
- 100፣ 47 እና 22 ኪሎ ኦም ሬዚስተር። ሬዲዮ ሰሪ ጋ ከተበላሸ ሬዲዮ ነቅለው ይሰጧችኋል።
- አንድ ባለ 1.5 ቮልት የሬዲዮ ድንጋይ።
- ንጹህ አልኮል፣ ጥጥ፣ ስቴኪኒ፣ ትንሽ አቸቶ፣ የእርሳስ ላጲስ።
- የህጻን አፍንጫ መምጠጫ ጎማ፣ አቧራ ለመንፋት። በአፋችሁ አትንፉ፣ ምራቅ ይገባበታል።
- ነጭ ጨርቅ የተነጠፈበት ትሪ። ሰፌድ ላይ የሰራ ሰው አውቃለሁ፣ ብሎኑ ስፌቱ መሃል ገብቶ እስከዛሬ አልወጣም።

የሚከለከሉት፦ ቲነር፣ ቤንዚን፣ የሚረጭ የዝገት ዘይት፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሱፐር ግሉ። ሞባይል ሰሪ ቤት ሁሉም ነገር በቲነር ስለሚጠረግ እኔም የመጀመሪያዬን ሜትር በቲነር ነው የጠረግኩት። ቁጥሮቹ ከነቀለማቸው ጥጡ ላይ መጡ፣ የፕላስቲኩ መስኮት ደግሞ እንደ አይን ሞራ ነጣ። ሱፐር ግሉ ጭሱ መስኮቱን ከውስጥ ያጨልመዋል፣ መርፌዋ ላይም ይቀመጣል። ጠረጴዛው ላይ ቁልፍ የተሞረደ ወይ ብረት የተቆረጠ ከሆነ ቦታ ቀይሩ፣ የብረት ብናኝ ማግኔቱ ውስጥ ከገባ ማውጣቱ መከራ ነው።

ደረጃ 1፦ ምን እንደያዛችሁ ለዩ

ገልብጣችሁ የባትሪ ክዳን ፈልጉ። ይሄ ጥያቄ ብቻውን ግማሹን ስራ ይጨርሳል።

የባትሪ ቦታ ከሌለው ባብዛኛው ሴሌኒየም ነው። ብርሃኑ ራሱ ኤሌክትሪክ እያመነጨ መርፌዋን ይገፋታል። ብዙ ጊዜ ፊቱ ላይ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ መስታወት አለው፣ ወይም ነጭ ግማሽ ኳስ።

የባትሪ ቦታ ካለውና የብርሃን መግቢያው ትንሽ አይን ከሆነ ባብዛኛው ካድሚየም ሰልፋይድ ነው። ያለ ባትሪ አይሰራም፣ አለቀ። ቆይተው የመጡት ደግሞ ሲሊከን ናቸው፣ እነሱም ባትሪ ይፈልጋሉ።

እኛ አካባቢ ከሳጥን የሚወጡትን በአጭሩ ልንገራችሁ፦

ዜኒት ኢ። ለብቻው የቆመ ሜትር አይደለም፣ ካሜራው አናት ላይ ያለ ነው። ሴሌኒየም። ሴሉ፣ ማለትም ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል፣ ከሌንሱ በላይ ካለው የተቦረቦረ መስታወት ስር ነው። ፊደሉን አይታችሁ ግዙ፣ ቢ የሚመስል ፊደል የተጻፈበት ዜኒት ከነጭራሹ ሜትር የለውም፣ እሱን "ልታስጠግኑ" እንዳትመጡ።

ሌኒንግራድ 4። የራሺያ ነው፣ ሴሌኒየም። ስቨርድሎቭስክ 4 ግን ባትሪ ይበላል። ሁለቱም የራሺያ ስለሆኑ ሰዉ ያምታታቸዋል።

ዌስተን ማስተር። መዳፍ የሚሞላ፣ ሴሌኒየም። ጀርባው ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቀዳዳ ቀዳዳ ክዳን አለው፣ ሲዘጋ ለጠንካራ ብርሃን፣ ሲከፈት ለደካማ።

ሴኮኒክ ኤል 398። ራሱ የሚዞር፣ ነጭ ግማሽ ኳስ ያለው። ለጸሐይ የሚገባ ቀዳዳ ቀዳዳ ብረት አለው፣ እሱ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚገኘው።

ጎሰን ሉናሲክስ 3። ካድሚየም ሰልፋይድ፣ ሁለት ባትሪ።

ከዛ የፊልም ፍጥነቱ (ፊልሙ ለብርሃን ምን ያህል ንቁ እንደሆነ የሚነግረው ቁጥር) በምን አለካክ እንደተጻፈ እዩ። ሜትሩ ደህና ሆኖ "ይዋሻል" የሚባለው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ጎስት (የራሺያው አለካክ) 90 ማለት የዛሬው አይኤስኦ 100 ነው፣ ጎስት 180 ደግሞ 200። ዜኒት ኢ ላይ 65 እና 130 እንጂ 90 አልተጻፈም፣ ስለዚ ለ100 ፊልም መሃላቸው አድርጉት። ዲን (የጀርመኑ) 21 ማለት 100 ነው፣ 24 ማለት 200፣ 27 ማለት 400። እንደ ማስተር 2 ያሉት የድሮ ዌስተኖች የራሳቸው ቁጥር አላቸው፣ ለ100 ፊልም 80 ላይ፣ ለ400 ፊልም 320 ላይ አድርጉ።

ደረጃ 2፦ ሳትፈቱ መርምሩ

1. መቆለፊያውን ልቀቁ። ሴኮኒክ ኤል 398 መሃል ላይ ያለውን ቁልፍ ካልተጫናችሁት መርፌዋ እንደተያዘች ናት፣ ስትጫኑት ትለቀቃለች፣ ስትለቁት ያነበበችው ላይ ትቆማለች። ሉናሲክስም ጎኑ ላይ ያለውን መጫኛ ሳትጫኑ አትንቀሳቀስም። ከሐይቅ የመጣችው ይቺ ነበረች።

2. ሴሉን በጨርቅ ድፍን አድርጋችሁ ሸፍኑት። መርፌዋ ዜሮው ላይ ማረፍ አለባት። ካላረፈች አብዛኛው ሜትር ጀርባው ላይ ትንሽ ብሎን አለው፣ እሷን በጣም በትንሹ፣ የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል አዙሩና እንደገና እዩ። አልዞር ካለች አታስገድዱ፣ አንድ ጠብታ አልኮል አድርጉና ጠብቁ።

3. ጋደም አድርጉት፣ አቁሙት፣ በጎኑ ያዙት። ዜሮው ትንሽ ቢንቀሳቀስ ችግር የለውም። በአንዱ አያያዝ ብቻ የምትቸከል ከሆነ ውስጥ የሚነካት ነገር አለ ማለት ነው፣ ደረጃ 5 ላይ እንመጣበታለን።

4. አሁን ወደ መስኮት አዙሩት። ተንቀሳቀሰች? ህይወት አለ።

መርፌዋ መስኮቱ ላይ የተለጠፈች ከመሰለች ወይ ጣታችሁን ባሳለፋችሁ ቁጥር ከተከተለቻችሁ፣ ብልሽት አይደለም፣ ስታቲክ ነው። ፕላስቲክ መስኮት በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ይመጣል፣ በተለይ በበጋ ቆላው አካባቢ። በትንሽ የሳሙና ውሃ እርጥብ ባለ ጨርቅ በስሱ ጥረጉት፣ ይለቃታል። ስለዚ ሽያጭ ቦታ ላይ ሸሚዛችሁ ላይ አሽታችሁ "ሞቷል" ብላችሁ አትመልሱ፣ እናንተው ናችሁ የያዛችኋት።

ደረጃ 3፦ ባትሪ ያለው ከሆነ

ክዳኑን በሳንቲም ክፈቱ። የድሮ ባትሪ ውስጥ ካለ ሜርኩሪ ሊሆን ስለሚችል አትውጉት፣ እሳት ውስጥ አትጣሉት፣ ለልጆች አትስጡ። ጠርሙስ ውስጥ ከድናችሁ አስቀምጡ፣ እጃችሁንም ታጠቡ።

ነጭ ወይ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ካያችሁ ስቴኪኒ ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልላችሁ በአቸቶ ነክራችሁ ጭመቁና ጥረጉ። ጠብታ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ሜትሩን ወደ ታች ደፍታችሁ ያዙት። ከዛ በአልኮል ድገሙት፣ ከዛ ብረቱን በላጲስ ወልውሉት፣ ፍርፋሪውን ንፉት። ብረቱ እስኪያበራ ድረስ። ከባትሪው ቤት የሚወጣው ሽቦ አረንጓዴ ከሆነና ሲነካ የሚሰበር ከሆነ መቀየር አለበት፣ ያ ብየዳ ነው።

አሁን ትልቁ ጣጣ። ከእነዚህ ሜትሮች ብዙዎቹ የተሰሩት ለፒኤክስ 625 ሜርኩሪ ባትሪ ነው፣ 1.35 ቮልት፣ አሁን አይመረትም። ልኩ ተመሳሳይ የሆነው የአሁኑ አልካላይን 1.5 ቮልት ነው። ሜትሩ ይሰራል ግን ብርሃኑን አጋኖ ያነባል፣ ፎቶአችሁ ይጨልማል፣ ከሜትር ሜትር ቢለያይም ስህተቱ እስከ አንድ ስቶፕ (ብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ የመሆን ልዩነት) ሊደርስ ይችላል። ከዛ አልካላይኑ እያለቀ ሲሄድ ስህተቱም አብሮ ይቀያየራል፣ ይሄ ነው የሚያናድደው። ሉናሲክስ ላይ ባትሪ መፈተሻውን ስትጫኑ መርፌዋ ከተሰመረላት ክልል ካለፈች በዛው አትቀጥሉ።

መውጫው ሁለት ነው። ቀላሉ ባለ 675 ቁጥር የጆሮ መስሚያ ባትሪ፣ 1.4 ቮልት። ትንሽ ስለሆነ ዙሪያውን የጎማ ቀለበት አልብሱት። የጀርባዋን ተለጣፊ ስታነሱ አየር ገብቶ መስራት ይጀምራል፣ ወዲያው አትክደኑት፣ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ብታጠፉትም ማለቁ አይቀርም፣ ስለዚ ፎቶ ልታነሱ ስትሉ ብቻ ክፈቱት። ሁለተኛው ባለ 1.55 ቮልት ሲልቨር ኦክሳይድ አስገብቶ በተከታታይ ሾትኪ ዳዮድ መበየድ ነው፣ ቮልቴጁን ትንሽ ይቀንሰዋል። ይሄ እጃችሁ ብየዳ ለለመደ ነው።

የካድሚየም ሰልፋይድ ሌላ አመል፦ ጸሐይ ካየ በኋላ ቶሎ አይረሳም። ከውጪ ገብታችሁ ወዲያው ቤት ውስጥ ብትለኩ ይሳሳታል፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁት።

ደረጃ 4፦ ሴሌኒየም ከሆነ መጀመሪያ መስታወቱን

ይሄን ደረጃ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ብዙ ሜትር የዳነልኝ እዚህ ላይ ነው። ወሎ ቤት ካሜራ የሚሰቀለው ሳሎን ነው፣ ሳሎን ደግሞ ረከቦት አለ፣ በቀን ሦስቴ ቡና ይፈላል፣ እጣኑ ይጨሳል። አንድ ልጅ ከኩታበር የአያቱን ዜኒት አምጥቶ "ግማሹን ነው የሚያነበው" አለኝ። መስታወቱን በጥፍሬ ጫፍ ብጭረው ቡኒ ሰም የመሰለ ነገር ተላጠ። የሰላሳ አመት እጣን! ከእያንዳንዷ የማር እንጀራ ቀዳዳ በስቴኪኒና በአልኮል ሳወጣው ክፍሉ ራሱ ቡና የተፈላበት መሰለ፣ ሜትሩም ከአንድ ስቶፕ በላይ ተመለሰ። ምንም አልከፈትኩም።

ስትጠርጉ ጥጡ እርጥብ እንጂ የሚንጠባጠብ አይሁን። አልኮሉ በጎን ሰርጎ ሴሉ ላይ ከደረሰ ጣጣ ነው። ከዛ በኋላም ደካማ ከሆነ ወደ ደረጃ 5። ደህና ከሆነ ቀጥታ ወደ ደረጃ 7፣ እንዳትከፍቱት።

ደረጃ 5፦ መክፈት

ጠዋት ክፈቱ፣ መብራት ሳይሄድ። ብሎን በፈታችሁ ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቁ ላይ ደርድሩ፣ አንዳንዱ ቁመቱ ይለያያል፣ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባችሁት የሆነ ነገር ይወጋል። የፊልም ፍጥነት ቀለበቱን ከማንሳታችሁ በፊት የት ቁጥር ላይ እንደነበረ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ይሄን ከረሳችሁ የቀረው ሁሉ ቢሰራም ንባቡ ውሸት ይሆናል።

ብሎን እንቢ ካለ፦ አንድ ጠብታ አልኮል፣ አምስት ደቂቃ፣ መጀመሪያ በጣም ትንሽ ወደ ማጥበቅ ከዛ ወደ መፍታት።

ውስጡን ስታዩት አንድ ማግኔት፣ መሃሉ ላይ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቅል፣ ከሱ ጋር የተያያዘች መርፌ፣ ከላይና ከታች ደግሞ እንደ ሰዓት ውስጥ ያለችው የተጠመዘዘች ስፕሪንግ። ስፕሪንጓን አትንኩ። ዘይት አታድርጉ፣ ይሄ የስፌት መኪና አይደለም፣ የሚሰራው በደረቁ ነው። መርፌዋን የሚነካ አቧራ ወይ ክር ካያችሁ በጎማው ንፉት፣ አልሄድ ካለ በእርጥብ ስቴኪኒ ጫፍ አንሱት።

ስፕሪንጓ ከተጣመመች ሰዓት አዳሽ ጋ ውሰዱ። እኔ ሰኞ ገበያ ያሉ አንድ አባት ጋ እሄዳለሁ። አንዴ ራሴ ላቃናት ስል አይተው፣

"አቦል ጠጥተህ ነው የመጣኸው?" አሉኝ።

"አዎ አባባ፣ ቶናውንም።"

"እጅህ ይንቀጠቀጣል። አስቀምጣትና ነገ ሳትጠጣ ና።"

በማግስቱ ስሄድ እሳቸው ራሳቸው ጨርሰዋታል፣ የወሰደባቸው አራት ደቂቃ ነው አሉ።

ደረጃ 6፦ የሞተው የትኛው ነው? ሴሉ ወይስ መርፌዋ?

ሁለቱን ለይታችሁ ፈትኑ። ከሴሉ ወደ ጥቅሉ ከሚሄዱት ሽቦዎች አንዱን አላቁ።

መርፌዋን ለመፈተን፦ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ በቀጥታ አትንኩ። ከራሱ የሚልከው ከረንት መርፌዋን አላግቶ ሊያጣምማት ይችላል። ይልቅ የሬዲዮ ድንጋዩን ከ100 ኪሎ ኦሙ ጋር በተከታታይ አገናኙና ጥቅሉን ንኩ፣ 15 ማይክሮ አምፒር ነው የሚሄደው፣ ምንም አያደርጋትም። መነሳት አለባት፣ በትንሹም ቢሆን። ወደ ኋላ ከሄደች ሽቦውን ገልብጡ። ካልተነሳች 47፣ ከዛ 22 ሞክሩ። በ22ቱም ዝም ካለች ባብዛኛው የጥቅሉ ሽቦ ተቆርጧል ማለት ነው፣ እሱን እቤት አትጠግኑትም፣ ሜትሩን ለእቃ አስቀምጡት።

የሴሌኒየም ሴሉን ለመፈተን፦ ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉና ሴሉን ለጥቂት ሰከንድ ጸሐይ አሳዩት። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ጥሩ ነው። ቮልት ብቻ ግን አይበቃም፣ ማይክሮ አምፒር ላይ ቀይሩ፣ ጤነኛ ሴል ጸሐይ ላይ ጥቂት መቶ ይሰጣል፣ የደከመ ደግሞ አስሮች ውስጥ ይቀራል። ጸሐይ ላይ ረስታችሁት ቡና ለመጠጣት አትግቡ፣ ሴሌኒየምን ከሚገድሉት አንዱ እሱ ነው፣ ሌላው እርጥበት።

ካድሚየም ሰልፋይድ ከሆነ እሱን በኦም መለካት ትችላላችሁ፦ ጨለማ ውስጥ ሚሊዮን ኦም ድረስ፣ ብርሃን ላይ በጣም ዝቅ ይላል። ካልተቀየረ ሞቷል።

ሴሉ ደካማ ከሆነ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት ጠርዙ ላይ የሚያርፉትን የብረት ቀለበትና ስፕሪንጎች እዩ። የደሴ ክረምት ጭጋግ እዚህ ጋ ነው የሚሰራው፣ ብረቱ ይጠቁራል። ብረቱን አውጥታችሁ በላጲስና በአልኮል አጽዱ። የሴሉን ፊት ግን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩ፣ ንጣፉ ስስ ነው፣ ብናኙም መርዝ ነው። ሴሉ ላይ በቀጥታ አትበይዱ፣ ሙቀቱ ይገድለዋል።

ሴሉ በእርግጥ ከሞተ፦ ከተሰበረ የሶላር ፋኖስ አንዲት ነጠላ ሴል፣ ግማሽ ቮልት የምትሰጠውን፣ መተካት ይቻላል። የምትሰጠው ከረንት ግን ለመርፌዋ በጣም ብዙ ነው፣ ስለዚ ከማገናኘታችሁ በፊት በጥቁር ቴፕ ድፍን አድርጋችሁ ሸፍኗት፣ ከዛ ቴፑን በስፌት መርፌ ከምትወጉት ቀዳዳ ጀምራችሁ በጥቂት በጥቂቱ ክፈቱ። እውነቱን ለመናገር ይሄ የችግር መላ ነው። ሲሊከን አይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ስለሚያይ የድሮ አምፖል ስር አጋኖ ያነባል፣ ለውጪ ብቻ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 7፦ ማስተካከል

ክረምት ላይ አትሞክሩት። ጥቅምት፣ ህዳር፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው።

1. ነጭ ኳስ ያለው ከሆነ ጸሐይ ላይ ቁሙ፣ ጸሐይ ያገኘው ነገር አጠገብ ሆናችሁ ኳሱን ወደ ካሜራው አዙሩት። አይኤስኦ 100 ላይ በ125ኛ ሰከንድ ኤፍ 16 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ቁጥር ነው) አካባቢ ማለት አለበት።

2. ያለ ኳስ የሚለካ ከሆነ አንድ ወጥ ግድግዳ ምረጡ፣ በዲጂታል ካሜራ ያንኑ ግድግዳ ለኩና አወዳድሩ። ወደ ሰማይ ወይ ወደ ነጭ ጋቢ አትጠቁሙ፣ ሜትሩ ሁሉንም መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ስለሚሞክር "ተሳስቷል" ትላላችሁ። ሌላ ነገር ከጠፋ የእጅ መዳፋችሁን ለኩ፣ ከግራጫው በአንድ ስቶፕ ገደማ ስለሚደምቅ አንድ ስቶፕ ክፈቱ።

3. ጸሐይ ላይ ብቻ አትቁሙ። ጥላ ስር፣ በር ላይ፣ ቤት ውስጥ ድገሙ። ለኳሱ የስልክ ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አፕም ይረዳል፦ አይኤስኦ 100 ላይ 20,480 ሉክስ በ125ኛ ኤፍ 8 ነው፣ 2,560 ሉክስ በ60ኛ ኤፍ 4፣ 640 ሉክስ በ15ኛ ኤፍ 4።

4. ሁሉም ቦታ ላይ እኩል ከተሳሳተ ዕድለኛ ናችሁ። ብርሃኑን በአንድ ስቶፕ አሳንሶ የሚያነብ ከሆነ 100 ፊልም እያላችሁ ቀለበቱን 200 ላይ አድርጉ። አጋኖ ከሆነ 50 ላይ። እዚህ ጋ ሰው ይገለብጠዋል፣ ሁለቴ አስቡ።

5. ጸሐይ ላይ ልክ ሆኖ ጥላ ላይ የሚሳሳት ከሆነ ቀለበቱ አያድነውም። ትንሽ ወረቀት ላይ "ጸሐይ ልክ፣ ጥላ አንድ ጨምር፣ ቤት ሁለት ጨምር" ብላችሁ ጻፉና ከነቀኑ ጀርባው ላይ በቴፕ ለጥፉ። የኔ ሌኒንግራድ አምስት አመት በዚች ወረቀት ነው የሰራው፣ አምና አውጥቼ ስፈትነው ግን ቤት ውስጥ ሦስት መጨመር ጀምሯል፣ ወረቀቷን ቀየርኩ።